የቫዝሊኑ ዕቃ፦ የአንዲት ሕፃን ችፌና ቆዳዋ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች

ለምን ጻፍኩት

በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ባለች አነስተኛ ክሊኒክ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ እሠራለሁ። ችፌ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ሰው ቅባት ታዞለት፣ ምክር ተሰጥቶት ይሄዳል። ካልተመለሰ ተሽሎታል ብዬ አስባለሁ።

ይህችኛዋ ልጅ ግን ተመለሰች። ቆዳዋ ከመጀመሪያው ብሶ ነበር የመጣችው። ለመባባሱ አንዱ ምክንያት ደግሞ እኔ ለእናቷ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያወራሁት ነገር ነው። የነገርኳት ውሸት አልነበረም። ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት።

ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስማቸውንና ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር አላስገባሁም።

ልጅቷና ቤቷ

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ኬጂ ሦስት ትማራለች። እናቷ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ሹፌር ስለሆነ ወሩን አብዛኛውን ከከተማ ውጭ ነው። ቀን ቀን ልጅቷን የምትይዛት አያቷ ናት። ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በበርሜልና በጀሪካን ይጠራቀማል። ገላዋን የምትታጠበው በሳፋ ነው።

ችፌው የጀመራት በስምንት ወሯ ጉንጯ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላት ወደ ክንድ መታጠፊያዋና ወደ ጉልበቷ ጀርባ ወረደ። ክረምት ሲወጣና የአዲስ አበባ አየር ሲደርቅ ይብስባታል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ረገብ ይላል። አባትየው ልጅ እያለ አስም ነበረበት።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ያልተሞከረ ነገር የለም። አንድ ቦታ እከክ ነው ተብሎ ቢቢኤል የሚባል የእከክ መድኃኒት ተሰጣት፤ ቆዳዋን ለበለባት። ጎረቤት ፌጦ ፈጭተሽ ለጥፊባት አለች። እሱም አቃጠላት። ከዚያ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሰው «ሦስት በአንድ» የሚለውን ክሬም ሰጧቸው፤ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳን መቅላትና ማበጥ የሚያበርድ)፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ የተደባለቀበት ነው። እሱ እንኳ ሠርቶ ነበር። ሁለት ቀን ሲቀቡት ይጠፋል፣ ሲተዉት ይመለሳል። እንዲህ ሲሉ ፊቷን ጨምሮ ስምንት ወር ተቀቡት። በዚያው ዓመት አራት ጊዜ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ወስዳለች።

ጠበልም ወስደዋታል። ስለ ጠበሉ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጠበሉ እንደወጣች ቆዳዋ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀባ።

በመጀመሪያው ቀን ያየሁት

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነበር። ልጅቷ የእናቷ ቀሚስ ሥር ገብታ ነው የገባችው። እጅጌዋ ላይ ረጅም ካልሲ ተጎትቶ እስከ ክንዷ ደርሷል። ካልሲው ለመቧጠጥ እንዳይመቻት ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። እናቷ፣ «የለም፤ ክፍል ውስጥ ይታይብኛል ትላለች» አለችኝ። ልጆች አብረዋት መቀመጥ ትተው ነበር። መምህሯም፣ በክፋት ሳይሆን በፍርሃት፣ ለብቻዋ አስቀምጣታለች። አሁን ድረስ ሳስበው ልቤን የሚነካኝ ያ ካልሲ ነው።

ካልሲውን ስናወርደው ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሁለቱም ክንድ መታጠፊያዎች ቀልተው ያዣሉ። በላያቸው ማር የሚመስል ቢጫ ቅርፊት ጋግሯል። ጉልበቷ ጀርባ ቆዳው ወፍሮ እንደ ዝሆን ቆዳ ተሸብሽቧል። ብብቷ ውስጥ እጢ አብጧል፤ ትንሽ ትኩሳትም ነበራት። በጣቶቿ መካከል የእከክ ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም። ቤት ውስጥም ሌላ የሚያሳክከው ሰው የለም።

ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነቃ ጠየቅኩ። ከሰባቱ ሌሊት ስድስቱን ትነቃለች። ይህን ቁጥር ካርዷ ላይ ጻፍኩት። በኋላ መሻሻልና መባባሷን የለካሁት በሱ ነው።

ከዚያ እንዴት እንደምትታጠብ ጠየቅኩ። እናቷ ቀና አለች። «ዶክተር፣ ልጇን ከእኔ በላይ የምታጥብ እናት የለችም።» ጠዋትና ማታ፣ በጀርም ገዳይ ሳሙና፣ በመፋቂያ። ሳፋው ውስጥ ደግሞ አንድ ክዳን የቁስል ማጠቢያ ፀረ ተባይ ፈሳሽ ትጨምራለች። የልጇ በሽታ የቆሻሻ መስሏት ነበር። ሰውም እንደዚያ ያስባል ብላ ፈርታለች። አራት ዓመት ሙሉ በፍቅርና በእልህ ስታጥባት ኖራለች።

ቆዳ ላይ ማን ይኖራል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጉዳዩ ያለዚህ አይገባም።

ጤነኛ ቆዳ ባዶ መሬት አይደለም። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ እስከ ሚሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ፈንገስም አለ። ይህ ሁሉ ነዋሪ በአንድነት የቆዳ ማይክሮባዮም ይባላል። አንድ ቆዳ ላይ ሆኖ እንኳ ሰፈር ሰፈሩ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት የ10 ጤነኛ ሰዎችን 20 የቆዳ ቦታ መርምሮ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ፊትና ጀርባን የመሰለው ወዛማ ቦታ አንድ ዓይነት ነዋሪ አለው። ብብትና የክንድ መታጠፊያ፣ እርጥበት ያለው ስለሆነ፣ ሌላ ዓይነት። ደረቁ ክንድ ደግሞ የተደባለቀ ነው። የሁለት ሰዎች ብብት የሚመሳሰለውን ያህል የአንድ ሰው ብብትና ክንድ አይመሳሰሉም።

ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ይጠቅሙናል። ቦታ ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ሌላውን ባክቴሪያ የሚገድል ነገር ራሳቸው ያመርታሉ። ለዚህ ሁሉ የሚስማማቸው ደግሞ ትንሽ አሲድነት ያለው ቆዳ ነው። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 5 አካባቢ ነው፤ ከጀበና ቡና ብዙም አይርቅም። ተራ ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ነው። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ማለት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ ከ5 ወደ 9 ሲሄድ ልዩነቱ አሥር ሺህ እጥፍ ይሆናል። ጤነኛ ቆዳ ከሰዓታት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ችፌ ያለበት ቆዳ ግን መጀመሪያውኑ አጥሩ የፈረሰ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ሲታጠብ የሚመለስበት ጊዜም አያገኝም።

በፈረሰ አጥር ገብቶ የሚነግሠው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ግምገማ፣ ከ10 የችፌ ሕሙማን በ7ቱ ቁስል ላይ ይህ ባክቴሪያ እንደሚገኝ አስልቷል። ኦሬየስ የሚለው ስሙ በላቲን «ወርቃማ» ማለት ነው፤ በላብራቶሪ ሲያድግ ቢጫ ስለሚሆን። ይህን ስነግራት እናትየው ቀኑን ሙሉ ወርቅ ስትመዝን የምትውል ሴት ናትና ዝም ብላ የልጇን ክንድ አየች። ያ ማር የሚመስል ቅርፊትም የሱ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 12 ችፌ ያለባቸውን ልጆች ተከታትሏል። በሽታው ሲነሳ የባክቴሪያው ዓይነት ብዛት ይቀንሳል፤ ስታፊሎኮከስ ብቻውን ይበዛል። ሕክምና ሲያገኙ ሌሎቹ ነዋሪዎች ይመለሳሉ። ልብ በሉ፤ የተመለሱት ማንም ከውጭ አምጥቶ ቀብቷቸው አይደለም። ቆዳው ሲረጋጋ ራሳቸው መጡ።

እናትየው «ከእኔ ዘር ነው?» ብላም ጠይቃኛለች። የቆዳን አጥር የሚሠራ ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ብልሽት ከችፌ ጋር እንደሚያያዝ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመና በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ግን እነዚያን የታወቁ ብልሽቶች አላገኘም፤ ያገኘው አንድ አዲስ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ችፌ በዚያ ጂን ብቻ አይገለጽም ማለት ነው። «ዘር አለበት፤ ጥፋት ግን የለብሽም» አልኳት።

የመጀመሪያው ዙር

ትኩሳትና እጢ ስለነበራት ለሰባት ቀን ክሎክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ አዘዝኩ። ለሰውነቷ መካከለኛ ኃይል ያለው የስቴሮይድ ቅባት፣ ለፊቷ ደግሞ ቀለል ያለውን ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኮርቲሶን 1 በመቶ፣ ሰጠሁ። ሦስት በአንዱን አስቆምኩ። ጀርም ገዳይ ሳሙናውንና ሳፋው ውስጥ የሚጨመረውን ፈሳሽም አስቆምኩ። ሽታ የሌለው ቫዝሊን በቀን ሁለት ጊዜ አልኩ። ለማሳከኩ ሴትሪዚን የተባለ የአለርጂ መድኃኒት ጨመርኩ።

ከዚያ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ስለ ባክቴሪያው ነገርኳት። «ሁሉም ባክቴሪያ ጠላት አይደለም። ቆዳዋ ላይ የሚጠብቋት አሉ። ስታጥቢያት እነሱንም ነው የምትጠርጊያቸው» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ውጭ ወረፋው በዝቶ ስለነበር እዚያው ላይ አቆምኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሲመጡ ቅርፊቱ ወድቋል። የምትነቃባቸው ሌሊቶች ከስድስት ወደ ሁለት ወርደዋል። ካልሲውም የለም። በጣም ደስ አለኝ። በወር ተመለሱ አልኳቸው።

እንዴት ተመለሰች

በኅዳር መጨረሻ መጡ። ክንዷ እንደገና ቀልቷል፤ አንገቷም ተጨምሯል። በሳምንት አምስት ሌሊት ትነቃለች። ያ ካልሲ ተመልሷል።

ምን እንደሆነ ስጠይቅ እናትየው ስልኳን አወጣች። ከእኔ ከሄደች በኋላ ስለ ጥሩ ባክቴሪያ ያላየችው ቪዲዮ አልነበረም። የተማረችውን ሁሉ አድርጋለች። ስቴሮይዱን «ኬሚካል ነው፣ ጥሩዎቹን ይገድላል» ብላ በአንድ ጊዜ አቁማለች። ገላዋን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ታጥባታለች። ማታ ማታ ደግሞ ክንዷ ላይ እርጎ ትቀባለች፤ እርጎ ውስጥ ጥሩ ባክቴሪያ አለ ተብላ። አያትየው ከጎን ሆና፣ «እርጎ የሚጠጣ ነው እንጂ የሚቀባ ነው እንዴ ብያታለሁ» አለች።

ልቆጣት አልቻልኩም። ያደረገችው ሁሉ ከእኔ ንግግር የወጣ ነው። ባክቴሪያው ለምን እንደሚዛባ አልነገርኳትም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቆዳው ውስጥ ያለው ቁጣ፣ ማለትም መቅላቱና ማበጡ፣ ራሱ ለስታፊሎኮከስ በር ይከፍታል። ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉት የሰውነት መልእክተኞች ሲበዙ ቆዳ ባክቴሪያ የሚከላከልበትን የራሱን ፀረ ተባይ ማምረት ይቀንሳል። አጥሩም ይላላል። ስለዚህ ቁጣውን የሚያበርደው ስቴሮይድ፣ በልኩ ከሆነ፣ ለጥሩዎቹ ነዋሪዎች ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው። የ2012ቱ ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው። በውጭ አገር ለከባድ ችፌ የሚሰጠው ዱፒሉማብ ሌላ ምስክር ነው። ባክቴሪያን አይነካም። የነዚህን ሁለት መልእክተኞች መንገድ ብቻ ይዘጋል። ሆኖም በሚወስዱት ሰዎች ቆዳ ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይቀንሳል፣ የሌሎቹ ዓይነት ይበዛል።

ስቴሮይድን መፍራቷ ደግሞ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። በሦስት በአንዱ ምክንያት የልጇ ጉንጭ ቆዳ ሳስቶ ደም ሥር ሲታይበት አይታለች። «የፈራሽው እውነት ነው፤ እሱና ይህ ግን አንድ አይደሉም» ማለት የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቤታቸው

ከክሊኒኩ ሩቅ አይደሉም። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ልይ ብዬ ሄድኩ። አያትየው ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። እዚያ ቤት በአንድ ሰዓት ውስጥ ያየሁትን ክሊኒክ ውስጥ በዓመትም አላየውም ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት የቫዝሊኑን ዕቃ ነው። መስኮቱ ላይ ነበር፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ውስጡ የጣት መስመር በመስመር ሆኗል። አንድ አጭር ጥቁር ፀጉር ተጣብቆበታል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ትንሽ ደረቅ ቅርፊት፤ የቆዳዋ ቅርፊት። ልጅቷን ሲቀቡ ቁስሉን በነካው ጣት እንደገና ይጠነቁላሉ። እናትየው ማታ እጇን፣ አባትየው ሲመጣ ከንፈሩን የሚቀባው ከዚያው ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫው ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይዞ ይኖራል፤ ራሱን ምንም አይለውም። እዚያ ዕቃ ውስጥ ምን እንደነበረ አልመረመርኩም። ግን ክንዷን አክመን ስናበቃ በየማታው ከዚያ ዕቃ እየጨለፍን መልሰን ስንቀባት እንደነበር ሳስብ ደነገጥኩ።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ዕቃው 50 ግራም ነው። ከተገዛ ስድስት ሳምንት ሆኖታል፤ ገና ግማሽ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ችፌ ላለበት ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ቫዝሊንን የመሰለ የቆዳ ማለስለሻ ይላል። «በቀን ሁለት ጊዜ» ብዬ ነበር። ምን ያህል እንደሆነ አላልኩም።

ፎጣ አንድ ነው፤ ለአራት ሰው። የገላ መፋቂያው ሳይደርቅ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። የትምህርት ቤት ሹራቧ የሚኮሰኩስ ነው፤ አንገቷ ላይ የቀላው ልክ የሹራቡ አንገትጌ የሚያርፍበት ቦታ ነው። የእናትየው እጅ ደግሞ ጣቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ተሰነጣጥቋል። በረኪና ነው፤ የልጅቷን አንሶላ በየቀኑ በሱ ታጥበዋለች። እጇን ሳይ ከፈገግታዋ ጋር ወደ ቀሚሷ ደበቀችው።

ሁለተኛው ዙር

በዚያ ዕለት አዲስ ነገር አላዘዝኩም ማለት ይቻላል። ያው ስቴሮይድ፣ ያው ቫዝሊን። የተቀየረው አጠቃቀሙ ነው።

ቫዝሊኑን በትልቅ ዕቃ፣ ለልጅቷ ብቻ፣ ገዙ። የሚጨለፈው በንጹሕ ማንኪያ ነው። ማንኪያው ላይ ልጅቷ ቀይ ክር አሰረችበት፤ የሷ መሆኑ እንዲታወቅ። ገላዋን በቀን አንዴ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ሳሙና ለብብትና ለእግር ብቻ። መፋቂያው ተጣለ። ከሳፋው ስትወጣ በራሷ ፎጣ መታ መታ ተደርጎ፣ ቆዳዋ ገና እርጥብ እያለ ቫዝሊን።

የመቀባቱን ሥራ ለአያትየው ሰጠናት። ይህ የሆነው ሳላስበው ነው። እሷ ከመጀመሪያው ቅቤ ይቀባ ትል ነበር። በተቆጣና በተከፈተ ቆዳ ላይ ምግብ መቀባት አለርጂ ሊያስጀምር እንደሚችል ነገርኳት፤ ወተትም ቅቤም እርጎም። «እማማ፣ እጅዎን ነው የምፈልገው፤ ቅቤውን አይደለም» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ልጅ እንደ እሷ አድርጎ የሚቀባት አልተገኘም።

ስቴሮይዱን በጣት ጫፍ ልክ አሳየኋቸው። ከቱቦው እስከ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ድረስ የወጣው ግማሽ ግራም ያህል ነው፤ የአዋቂ ሁለት መዳፍ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። ቁጣው እስኪጠፋ በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ዘወትር በሚነሳባት ቦታ ላይ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው። በዕቃ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፉት።

ለመምህሯም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው፤ ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ትቀመጥ፤ ከሹራቡ ሥር የጥጥ ልብስ እንድትለብስ ይፈቀድላት። መምህሯ በማግስቱ ደወለችልኝ። «ባውቅ ኖሮ» ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በጥር አጋማሽ ክንዷ ለስላሳ ነበር። የቀለም ልዩነት ቀርቶባታል፤ እሱ ወራት ይፈጃል። በሳምንት የምትነቃው አንድ ሌሊት፣ አንዳንዴም ምንም። በሁለተኛው ዙር አንቲባዮቲክ አልሰጠሁም።

አንቲባዮቲኩን በተመለከተ ተፈትኜ ነበር። በኅዳር ከቁስሉ ናሙና ወስጄ ላብራቶሪ ልኬ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ አድጓል የሚል ውጤት መጣ። እናትየው ወረቀቱን ይዛ «ይኸው አለባት» አለች። ግን ትኩሳት የላትም፣ እጢ የላትም፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ከአሥር ሰባቱ ላይ የሚገኝ ባክቴሪያ ስለተገኘ ብቻ መድኃኒት አይሰጥም። በብሪታንያ 113 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ ቀላል ኢንፌክሽን ያለበት የሚመስል ችፌ ላይ አንቲባዮቲክ መጨመር የሚታይ ጥቅም እንዳላመጣ አሳይቷል። ምርመራው ብር አስወጣቸው፤ ያደረግነውን ግን አልለወጠም። ባልልከው ይሻል ነበር።

ሴትሪዚኑ ለማሳከኩ ምንም አልፈየደም። በሦስተኛው ሳምንት ተውነው። የችፌ ማሳከክ ዋና መንገዱ የተለመደው የአለርጂ መንገድ ስላልሆነ ነው።

በጣም የቀጠነ የበረኪና ውሃ መታጠብን አስቤው ነበር። በውጭ አገር ይደረጋል። የበሽታውን ክብደት ትንሽ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እዚህ ግን በረኪናው ከየት እንደተሞላ፣ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማረጋገጥ አልቻልኩም። የእናትየውን እጅ ደግሞ አይቻለሁ። ተውኩት፤ አልቆጨኝም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ ተነስቶባት ነበር። ለበዓል ዘመድ ጋ ክፍለ ሀገር ሄደው ማንኪያውም ቫዝሊኑም ቤት ቀርቷል። ስቴሮይዱን ለአምስት ቀን በየቀኑ ቀቧት፤ ጠፋ። ክሊኒክ መምጣትም አላስፈለጋቸውም። በስልክ ነው የነገሩኝ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የልጅቷን የቆዳ ባክቴሪያዎች በዘረመል አልመረመርንም። ማይክሮባዮሟ ተመለሰ የምለው ከጥናቶቹና ካየሁት ተነስቼ ነው። ያየሁት የዳነ ቆዳና የምትተኛ ልጅ ነው።

«ጥሩውን ባክቴሪያ ገዝቼ ብቀባትስ?»

እናትየው ይህን ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በኢንተርኔት የፕሮባዮቲክ ክሬም አይታ ዋጋው የወር ደሞዟን ግማሽ ነበር።

ሐሳቡ ከመሬት የተነሳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሕሙማኑ ከራሳቸው ቆዳ ጠቃሚ የሆኑትን ባክቴሪያዎች ለይተው አራብተው መልሰው ቀቧቸው፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ቀነሰ። በ2021 ስታፊሎኮከስ ሆሚኒስ የተባለውን ጠቃሚ ዘመድ በ54 አዋቂዎች ላይ ሞከሩ፤ ለአጭር ጊዜ ደኅንነቱ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። በዚያው በ2021 ግን ሌላ ባክቴሪያ፣ ሮዚዮሞናስ ሙኮሳ፣ በትንንሽ ሙከራዎች ተስፋ ከሰጠ በኋላ፣ ከሱ የተሠራው ኤፍቢ-401 የተባለ ምርት ሰፋ ባለ ሙከራ ላይ ዋና ግቡን ሳይመታ ቀረ። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ተመርጠው፣ ተለይተው፣ በሕይወት እንዲደርሱ ተደርገው የተዘጋጁ ናቸው። ማሸጊያው ላይ ፕሮባዮቲክ የሚል የተጻፈበት ክሬም ሁሉ ከነሱ ጋር አይቆጠርም።

ስለዚህ «ያንን ብር ለቫዝሊንና ለጥጥ ልብስ አውዪው» አልኳት። ተስፋው እውነት ነው፤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ እያለ በስሙ የሚሸጠው ነገር ያናድደኛል።

ለሌሎች ታካሚዎች የወሰድኩት

አንደኛ፣ «ታጥባታለሽ ወይ» ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። «በምን፣ ስንት ጊዜ፣ ውሃው ውስጥ ምን ይጨመራል» ብዬ እጠይቃለሁ። እናቶች የሚጨምሩትን ነገር ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ጥሩ ነገር እንደሆነ ያምናሉና።

ስለ ጥሩ ባክቴሪያ ሳወራ አሁን ሁልጊዜ ከስቴሮይዱ ጋር አያይዤ ነው። ቁጣው ካልበረደ ጥሩዎቹ አይመለሱም። ይህን አረፍተ ነገር ሳልናገር ታካሚ ከክፍሌ አላስወጣም፤ ወረፋ ቢኖርም። ስቴሮይድ የሚፈራውን ሰው ደግሞ መጀመሪያ ምን እንዳየ እጠይቀዋለሁ።

አንቲባዮቲክ የምሰጠው ልጁን አይቼ ነው፤ የላብራቶሪ ወረቀቱን አይቼ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚቀባው ማን እንደሆነ ማወቅም ከመድኃኒቱ ስም እኩል ይጠቅማል። ወደ ክሊኒክ የምትመጣው እናት ናት፤ የምትቀባው ግን አያት፣ ሞግዚት ወይም ታላቅ እህት ልትሆን ትችላለች። ወረቀቱን ለሷ ነው የምጽፈው።

ሁሉንም ቤት እየዞርኩ ማየት አልችልም። ስለዚህ ቀጠሮ ስሰጥ «የምትቀቡትን ነገር ሁሉ ከነዕቃው ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት በጥቁር ፌስታል አራት ዕቃ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። ሦስተኛውን ክዳን ስከፍት እሱም እኔም እኩል ጎንበስ ብለን አየነው። «ማንኪያ ነው የሚያስፈልገን አይደል?» አለኝ።